«ይሄ የማን ሥራ ነው?»

ሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ነው። ላፍቶ ውስጥ የልብስ ስፌት ሱቅ ያላት አንዲት ሴት የወረዳ ምክር ቤት አባል ሆና ተመረጠች እንበል። ስም አንሰጣትም፤ በዚያ ወር እንደሷ ያሉ አዲስ ተመራጮች በአዲስ አበባ በሺዎች ይቆጠሩ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ቀናት በ«እንኳን ደስ ያለሽ» አለፉ። ከዚያ አንድ ማለዳ የስፌት መኪናዋን ዘይት ቀብታ ሳትጨርስ፣ ባዶ ጄሪካን ያንጠለጠሉ እናት በሩ ላይ ቆሙ።

«እንዴት አደርሽ ልጄ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እንዴት አደሩ እማማ? ይግቡ፣ ይቀመጡ።»

«መቀመጡስ ይቅር። ውሃ ከጠፋ ይኸው ሁለተኛ ሳምንቱን ያዘ። አሁን የመንግሥት ሰው ሆነሻልና እስቲ ንገሪልን።»

እማማ ሳይወጡ ጋሼ ገቡ። የሚኖሩበት የቀበሌ ቤት ጣሪያ ያፈሳል፤ ክረምቱ እየመጣ ነው፤ ያለ ፈቃድ ቆርቆሮ መቀየር አይቻልም፤ ፈቃድ ሰጪውን ፍለጋ በሄዱ ቁጥር «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ይባላሉ። ከጋሼ ኋላ ከጓደኞቹ ጋር ተደራጅቶ የመሥሪያ ሼድ የሚጠብቅ ወጣት አለ። ከወጣቱ ኋላ ደግሞ ትራንስፎርመሩ በፈነዳ ቁጥር ፍሪጅ የሚቃጠልባት ባለሱቅ። እስከ ምሳ ሰዓት አንድ ጨርቅ አልተቆረጠም።

ከነዚህ አቤቱታዎች መካከል ተመራጯ በራሷ ምክር ቤት ተነሥታ ኃላፊውን ፊት ለፊት ልትጠይቅበት የምትችለው የጋሼን ጣሪያ ብቻ ነው። ውሃው የአዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ሥራ ነው፤ ባለሥልጣኑ የከተማው እንጂ የወረዳው አይደለም፤ መካኒሳም ሆነ ንፋስ ስልክ ያለው ቅርንጫፉ ሪፖርቱን የሚልከው ወደ ላይ ነው። ትራንስፎርመሩ ሰው «መብራት ኃይል» እያለ የሚጠራው የፌዴራል ተቋም ንብረት ነው። አስፋልቱ የከተማው መንገዶች ባለሥልጣን፣ ሼዱና መሬቱ የክፍለ ከተማው። ነዋሪው ግን ይህን ሁሉ ለይቶ የማወቅ ግዴታ የለበትም። እሱ የሚያውቀው በሩ ላይ ድምፅ ስጠኝ ብላ የመጣችውን ልብስ ሰፊ ነው።

ስለዚህ አዲስ የወረዳ ተመራጭ ከሁሉ አስቀድሞ የሚማረው የትኛው በር የማን እንደሆነ ነው። ይህ ቀላል እውቀት ይመስላል እንጂ አይደለም። አንድ የተደፈነ ቱቦ ብቻ እንኳ ሦስት ባለቤት ሊኖረው ይችላል፤ ፍሳሹ የውሃው መሥሪያ ቤት፣ የጎርፍ መውረጃው የመንገዱ፣ ውስጡ የተጠቀጠቀው ፌስታል የጽዳት አስተዳደሩ። ሦስቱም ወደ ሌላው ይጠቁማሉ። እዚያ መካከል ቆሞ «ይሄ የማን ሥራ ነው?» ብሎ እስከ መጨረሻው መጠየቅ፣ መልሱንም በቃለ ጉባኤ ማስያዝ፣ በእኔ ግምት ከአንድ ተመራጭ ሥራ ግማሹ ነው።

በ1999ኙ የሕዝብና ቤት ቆጠራ ንፋስ ስልክ ላፍቶ 316,283 ነዋሪ ነበረው። በዚያው ቆጠራ የድሬዳዋ ከተማ 233,224፣ አዳማ 220,212፣ ጎንደር 207,044 ሰው ነበራቸው። አንድ ክፍለ ከተማ ብቻውን ከዋና ከተማዋ ውጭ ካሉት ከተሞች ከእያንዳንዳቸው ይበልጥ ነበር ማለት ነው። ቁጥሩን ክፍለ ከተማው በ2005 ዓ.ም. ገደማ በነበሩት 12 ወረዳዎች ብናካፍለው ለአንድ ወረዳ 26 ሺህ ያህል ሰው ይደርሰዋል። አንድ ወረዳ አንዲት ትንሽ ከተማ ናት፤ የራሷ ከንቲባ፣ የራሷ ግብር፣ የራሷ ማዘጋጃ ቤት የሌላት ትንሽ ከተማ።

ሰፈሮቹም አንድ ዓይነት አይደሉም። ሳሪስና ጎተራ የድሮ ፋብሪካና የመጋዘን ሰፈሮች ናቸው። ለቡ የቪላና የባቡር ጣቢያ ሰፈር ነው። ትንሿ አቃቂ ወንዝ የከተማውን ቆሻሻ ተሸክማ በመካከል ትወርዳለች። የኮንዶሚኒየሙ ሰፈር ጀሞ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። እዚያ አቤቱታው የሚጀምረው ከደረጃው ነው፦ የጋራ መብራት ማን ይክፈል፣ ሞልቶ የፈሰሰውን ማን ያስመጥጥ፣ ለበግ ማረጃና ለእንጀራ መጋገሪያ ተብሎ የተሠራውን ኮሚናል ማን አከራየው። በሕጉ ይህ የወረዳ ጉዳይ አይደለም። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የወል የሆነውን ለቤት ባለቤቶች ማኅበር ይሰጣል። የማኅበሩ ስብሰባ ምልዓተ ጉባኤ አልሞላ ሲል ግን ጎረቤት የሚሄደው ወደዚያችው ተመራጭ ነው።

ይህ ሁሉ ሰው የመንግሥትን ሥራ በሙሉ ከሰፈሩ ጽሕፈት ቤት የሚጠብቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገውን አዋጅ ቁጥር 47 ሲያውጅ፣ ቀበሌ የሚባለው ነገር አብሮ ተወለደ። ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑ ቤቶች ለከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት ተሰጡ፤ ከዚያ በላይ ያሉት ወደ ኪራይ ቤቶች መሥሪያ ቤት ሄዱ። ማኅበሩ ቤት ያከራይ፣ ኪራይ ይሰበስብ፣ በፍርድ ሸንጎው ጎረቤት ከጎረቤት ይዳኝ ጀመር። የኅብረት ሱቁም፣ የስኳሩ ራሽንም፣ መታወቂያውም እዚያው ሆነ። ብዙም ሳይቆይ በቀይ ሽብር ዘመን ጠብመንጃውም እዚያው ሆነ። ጋሼ ጣሪያው የሚያፈስባቸው ቤት ከዚያ አዋጅ የተረፈ ነው፤ ቀበሌን የሚያስታውሱትም ሰጪም ነሺም አድርገው ነው።

ከዚያ በፊት የነበረው የከተማ ምክር ቤት እንዲህ ያለ ሰልፍ አያውቅም ነበር። አዲስ አበባንና ጎንደርን የማዘጋጃ ቤት ከተማ ያደረገው የ1937 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 74 በምክር ቤቱ ወንበር የሰጠው ለመሥሪያ ቤት ተወካዮችና ንብረት ላላቸው ነዋሪዎች ነው። ተከራይ ድምፅ አልነበረውም።

አሁን ያለውን ቅርፅ ያመጣው 1995 ዓ.ም. ነው። የአቶ አርከበ ዕቁባይ ጊዜያዊ አስተዳደር ተሾመ፤ የከተማው ቻርተር በአዋጅ ቁጥር 361 ተሻሻለ፤ አሥር ክፍለ ከተሞች ተቋቋሙ፤ በሥራቸውም የራሳቸው ምክር ቤት፣ ሥራ አስፈጻሚና ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ያላቸው ቀበሌዎች ተዋቀሩ፤ በኋላ ወረዳ ተባሉ። (ሰው ግን ዛሬም «ቀበሌ ሄጄ ነበር» ነው የሚለው፤ የዚያ ዘመን የመንገድ ዳር ሱቆችም «የአርከበ ሱቅ» እንደተባሉ ቀርተዋል።) ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 50 ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን ሕዝቡ በቀጥታ የሚሳተፍበት በቂ ሥልጣን ይሰጥ ይላል። በቂ የሚለው ልክ ስንት እንደሆነ ግን አይናገርም።

የወረዳው ምክር ቤት ጉባኤ ብዙ ጊዜ የሚጠራው በእረፍት ቀን ነው፤ አብዛኞቹ ተመራጮች ደመወዝ የላቸውም፤ መምህር፣ ነጋዴ፣ ጡረተኛ፣ የቤት እመቤት ናቸው። ፕላስቲክ ወንበር ተደርድሯል። ባነር ተሰቅሏል። አፈ ጉባኤው አጀንዳ ያስጸድቃሉ፤ የሥራ አስፈጻሚው ሪፖርት ይነበባል። ሪፖርቱ የሚናገረው በመቶኛ ነው። ያልተከናወነ ነገር ቢኖር «በሂደት ላይ ያለ» ተብሎ ይገባል። ከዚያ መድረኩ ለጥያቄና አስተያየት ይከፈታል፤ ብዙ ሰው እጅ ያወጣል፤ ከሚያወጡት ብዙዎቹ «በመጀመሪያ ለቀረበው ዝርዝርና ጥሩ ሪፖርት አመሰግናለሁ» ብለው ይጀምራሉ። ጊዜው በምስጋናው ያልቃል።

ሰፊዋ እንበልና በሦስተኛው ጉባኤ ላይ ተነሥታ፣ የጎርፍ መውረጃ ጠረጋ መቶ በመቶ ተፈጸመ የተባለው በየትኛው መንገድ ላይ እንደሆነ ስም በስም እንዲነገራት ጠየቀች። አዳራሹ ዞር ብሎ አያት። ጥያቄው ተቃውሞ አልነበረም፤ የመንገድ ስም ብቻ ነው። መቶኛ ግን የመንገድ ስም አያውቅም። በቋሚ ኮሚቴ የመስክ ምልከታ የሚባለው ነገር ትርጉም የሚኖረው እዚህ ላይ ነው፤ ተመራጭ በእግሩ ሄዶ መውረጃውን ካየው፣ ቀጣዩን ሪፖርት የሚጽፈው ሰው መንገዱን ቆጥሮ መጻፍ ይጀምራል።

ገንዘቡ ላይ ሲደረስ ጨዋታው ይጠብባል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ምክር ቤቱም የወረዳውን ዕቅድና በጀት ያጸድቃል። በጀቱ ከላይ የተመደበ ነው፤ አብዛኛው ደመወዝና ሥራ ማስኬጃ ነው። የሚያጸድቁት ሰዎች ከአንዱ ርዕስ ወደ ሌላው ሊያዛውሩት የሚችሉት ጥቂት ነው። በአንጻሩ በሕንድ የኬራላ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1996 የተጀመረው አሠራር ከግዛቱ የልማት ዕቅድ ገንዘብ ከ35 እስከ 40 በመቶ የሚሆነውን ለአካባቢ ምክር ቤቶች ለቀቀ፤ እዚያ የመንደር ስብሰባ ብዙ ሰው የሚመጣበት አንዱ ምክንያት ተከራክሮ የሚካፈለው ገንዘብ በመኖሩ ነው። ላፍቶ ላይ ለውስጥ ለውስጥ መንገድ ኮብልስቶን ወይም ለሰፈር ጥበቃ ብር ሲያስፈልግ ነዋሪው ከኪሱ ያዋጣል። በዚህ ጊዜ አንዲት ብልህ ተመራጭ የምትሄደው ወደ እድር ዳኛው ነው። እድር የቤተሰቡን ቁጥር ያውቃል፤ ማን እንደሚከፍልና ማን እንደማይችል ያውቃል፤ ስብሰባ ሲጠራም ሰው ይመጣል። የምክር ቤት አባሏን ስም የማያውቅ ጎረቤት እንኳ የእድሩ ዳኛ ስም አይጠፋውም።

ተመራጮቹ ለምን እንዲህ በዙ? መልሱ ያለው በ1997 ዓ.ም. ነው። ግንቦት 7 ቀን በተደረገው ምርጫ ተቃዋሚው ቅንጅት ከአዲስ አበባ ምክር ቤት 138 መቀመጫዎች 137ቱን አሸነፈ። ዶክተር ብርሃኑ ነጋ ለከንቲባነት ቢመረጡም ፓርቲው አስተዳደሩን አልተረከበም፤ ግጭቱና እስሩ ተከተለ፤ ከተማዋን ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በአቶ ብርሃነ ደሬሳ የሚመራ ባለአደራ አስተዳደር ያዛት። ገዢው ፓርቲ ኢሕአዴግ ከዚያ ሽንፈት የተማረው ትምህርት ወደ ታች ወረደ። ለሚያዝያ 2000 ዓ.ም. የአካባቢ ምርጫ የቀበሌ ምክር ቤት መቀመጫዎች በእጅጉ እንዲበዙ ተደረገ፤ ድሮ ከአሥራ አምስት ገደማ የማይበልጡ አባላት በነበሩበት ምክር ቤት እስከ 300 ሰው ተቀመጠ። በአገር አቀፍ ደረጃ 3.6 ሚሊዮን ያህል መቀመጫ ለውድድር ቀረበ፤ ተቃዋሚዎች ያገኙት በጣት የሚቆጠር ነው። ሚያዝያ 6 እና 13 ቀን 2005 ዓ.ም. በተደረገው ቀጣይ ምርጫ 33 ፓርቲዎች አንሳተፍም አሉ፤ ኢሕአዴግ የአዲስ አበባን 138 መቀመጫዎች በሙሉ ወሰደ።

ሦስት መቶ ሰው ያለበት የሰፈር ምክር ቤት ሁለት መልክ አለው። በአንድ በኩል እማማ ከደጃቸው ሃምሳ እርምጃ ሳይርቁ ተመራጭ ያገኛሉ፤ ይህ መቼም ቀላል ነገር አይደለም። በሌላ በኩል ሦስት መቶ ሰው በአንድ የእረፍት ቀን በጀት ሊመረምር አይችልም። ሊያጨበጭብ ይችላል። ሰፊዋ የመንገዱን ስም ለመጠየቅ ሦስተኛው ጉባኤ ድረስ የቆየችው ፈርታ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ተራ አልደረሳትም ይሆናል። ደግሞም ጠያቂዋም ሪፖርት አቅራቢውም የአንድ ፓርቲ አባላት በሆኑበት አዳራሽ ጥያቄ ማንሣት ምን ያህል እንደሚከብድ ስብሰባ የተቀመጠ ሁሉ ያውቀዋል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የመሬት ነገር ነው። በክፍለ ከተማው ዳር፣ በሃና ማርያም በኩል በቀርሳና ኮንቶማ፣ ለዓመታት «የጨረቃ ቤት» የሚባሉ ቤቶች ተሠርተዋል። ነዋሪዎቹ ቦታውን ከአርሶ አደር ገዝተን ኖርንበት ይሉ ነበር፤ አስተዳደሩ በ1997ቱ የመስመር ካርታ ላይ ያልታየ ቤት አይጸናም ይል ነበር። ሰኔ 2008 ዓ.ም. መገባደጃ ላይ ሊያፈርስ የመጣው ኃይልና ነዋሪው ተጋጩ፤ የአካባቢ ባለሥልጣንና የፖሊስ አባላትን ጨምሮ የሰው ሕይወት ጠፋ። ከዚያም ማፍረሱ ቀጠለ።

በእንዲህ ያለ ቀን የወረዳ ምክር ቤት አባል የት ይቆማል? እንዲፈርስ የተወሰነው በእርሱ ጉባኤ አይደለም። የሚፈርስበት ጎረቤት ግን የሚያውቀው እርሱን ነው፤ መታወቂያውን የተቀበለው፣ ለልማት ያዋጣው፣ የመረጠው በዚያው ጽሕፈት ቤት ነው። አስቀድሞ ማን በየትኛው ቤት ከመቼ ጀምሮ እንደኖረ፣ ስንት ልጅ ትምህርት ቤት እንዳለው፣ የትኛው አዛውንት አልጋ ላይ እንደሆነ በዝርዝር አስይዞ ከመፍረሱ በፊት ወደ ላይ የሚልክ ምክር ቤት ቢኖር ውሳኔውን ላይቀለብስ ይችላል፤ ቢያንስ ወሳኙ አካል አላወቅኩም ማለት አይችልም። የአካባቢ ምክር ቤት ከካርታ የሚበልጥበት እውቀት ይህ ነው፤ ብዙም ሲጠየቅበት አይታይም።

ሌላ አገር፣ ሌላ ትንሽ ከተማ። ኦባላ ኦባላ የጋምቤላ ሰው ነው። በታኅሣሥ 1996 ዓ.ም. በአኙዋኮች ላይ ከደረሰው ጭፍጨፋ ሸሽቶ ኬንያ ገባ፤ በዳዳብ የስደተኞች ካምፕ አሥር ዓመት ያህል ኖረ፤ ከዚያ አሜሪካ ሄዶ በሚኒሶታ ግዛት ኦስቲን በምትባል የሥጋ ፋብሪካ ከተማ ተቀመጠ። ዜግነት ባገኘ በዓመቱ ገደማ፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020፣ ለከተማዋ ምክር ቤት ተመረጠ፤ እዚያ የተመረጠ የመጀመሪያው ጥቁር ነው። ኦስቲን 26 ሺህ ያህል ሕዝብ አላት፤ በልክ አንድ የንፋስ ስልክ ወረዳ። የምክር ቤቷ አባላት ግን ከአሥር አይሞሉም፤ ከተማዋ የራሷ ከንቲባ አላት፤ ምክር ቤቱ የንብረት ግብር ይጥላል፣ የመንገድና የፍሳሽ በጀት ይወስናል። የኦባላ መራጭ ቱቦ ተደፈነ ብሎ ሲመጣ «የማን ሥራ ነው» የሚለው ጥያቄ ብዙ አያንከራትተውም። ከላፍቷ ሰፊ የሚለየው ትጋቱ አይመስለኝም፤ ወንበሩ ሥር ያለው ገንዘብና ሥልጣን ነው።

ኦባላ የተወሰነ የሥራ ዘመንም ነበረው፤ ሲያልቅ መራጩ ፊት ይቆማል። የላፍቷ ሰፊ የሥራ ዘመን ማለቅ የነበረበት በ2010 ዓ.ም. ነበር። የዚያ ዓመት የአካባቢ ምርጫ ተራዘመ፤ በ2011 ዓ.ም. እንደገና ተራዘመ። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. አዲስ አበባ ድምፅ ስትሰጥ የተመረጡት የፓርላማና የከተማው ምክር ቤት አባላት ናቸው፤ ከዚያ ምክር ቤት ወይዘሮ አዳነች አቤቤ መስከረም 18 ቀን 2014 ዓ.ም. ከንቲባ ሆነው ተሰየሙ። የወረዳ ምክር ቤት ግን በዚያ የምርጫ ወረቀት ላይ አልነበረም። በ2006 ዓ.ም. አንደኛ ክፍል የገባ የላፍቶ ልጅ በ2017 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሲጨርስ፣ በሰፈሩ አዲስ የወረዳ ምክር ቤት ምርጫ ሲደረግ አላየም።

በዚህ መካከል ሥራው አልቆመም። የኮሪደር ልማቱ መጥቷል፤ የከተማ ሴፍቲኔት ተጠቃሚዎች በየብሎኩ ተለይተዋል፤ የነዋሪነት መታወቂያው ዲጂታል ሆኗል። እነዚህ ሁሉ የሰፈር ዝርዝር ይጠይቃሉ፦ ማን ደሃ ነው፣ ማን ይነሣ፣ ማን ነዋሪ ነው። ዝርዝሩን በየአካባቢው የሚያዘጋጁት ኮሚቴዎችና የብሎክ አደረጃጀቶች ናቸው፤ አባላቱን ደግሞ ነዋሪው በምስጢር ድምፅ አልመረጣቸውም።

የአካባቢ ምርጫ ተመልሶ ሲመጣ ሕግ አውጪውም ምርጫ ቦርዱም ከቀኑ ባሻገር የሚወስኑት ብዙ ነገር ይኖራል። ሦስት መቶ መቀመጫ ይቀጥል ወይስ ሰው ተነጋግሮ ሊጨርስ በሚችልበት ልክ ይቀነስ? ከወረዳው በጀት ምክር ቤቱ በራሱ የሚደለድለው ድርሻ ይኑረው ወይ? ውሃውና መብራቱ፣ የወረዳው ባይሆኑ እንኳ፣ ቅርንጫፍ ኃላፊዎቻቸው ወረዳው ምክር ቤት ቀርበው መልስ እንዲሰጡ ግዴታ ይጣልባቸው ወይ? የመጨረሻውን ለመፈጸም አዲስ ተቋም አያስፈልግም፤ የጉባኤ ቀንና መጥሪያ ደብዳቤ ይበቃል።